ከደረስጌ እስከ አዘጋጁ ጠረጴዛ፦ የሽኚ ደብዳቤ ታሪክ

አጭር ልቦለድ ለመጽሔት ሲላክ ከላይ የምትያያዘው ሽኚ ደብዳቤ ትንሽ ነገር ትመስላለች። በእኛ አገር ግን የጸሐፊውን ትውልድ፣ ልፋቱን፣ ምስጋናውንና ተማጽኖውን ሁሉ ተሸክማ የምትሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ልማድ የወለደው የጸሐፊዎች ከንቱነት አይደለም። ሽኚ ደብዳቤ የሚረዝመው በሁለት ምክንያት ነው፦ የሚሸኘው ነገር አብሮት ሳይኖር ሲቀር፣ ወይም ተቀባዩ ሥራውን ትቶ ሰውየውን ሲመረምር። ሁለቱንም በታሪካችን እናገኛቸዋለን፤ የመጀመሪያውን ለማየት ወደ ስሜን መውጣት ያስፈልጋል።

የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር እገዛ ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን እዚያው ደረስጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ድል ተነሡ። አሸናፊው ካሣ ኃይሉም ወዲያው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። ማን እንደነገሠ ለስሜን ሰው ደብዳቤ አላስፈለገውም፤ በዓይኑ አይቷል። ለንደን ግን አላየችም። እንግሊዝ በ1842 ዓ.ም. ውል የተዋዋለችው ከቴዎድሮስ በፊት አገሩን በእንደራሴነት ይገዙ ከነበሩት ከራስ አሊ ጋር ነበር። ስለዚህ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ሲጽፉ በሥላሴ ስም ከፍተው፣ ሰላምታውን በአጭሩ አቅርበው፣ ፈጣሪ እንዴት ለንግሥና እንዳበቃቸው ተረኩ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደንና እንግሊዛዊው ባለሟላቸው ጆን ቤል ስለ ታላቋ ክርስቲያን ንግሥት እንደነገሯቸው፣ የሁለቱንም ደም እንደተበቀሉ ገለጹ። ጥያቄው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፦ ስጦታ ይዘው የሚሄዱት መልእክተኞች ቱርኮች በያዙት ጠረፍ በደኅና እንዲያልፉ መንገድ ይመቻችላቸው።

ይህ ደብዳቤ ራሱን የሚያስተዋውቀው በምክንያት ነው። መልእክተኛውም ስጦታውም ገና አልተነሡም፤ ደብዳቤው ብቻውን የሁሉንም ሥራ መሥራት ነበረበት። የደረሰበት ግን ይታወቃል። ለንደን ገብቶ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ፤ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን በ1856 ዓ.ም. ታሰረ፤ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም መልሱን ይዞ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በ1858 ዓ.ም. ነበር። መጨረሻው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በዘመተበት በመቅደላ ላይ ሆነ። ‘ጥፋቱ የእንግሊዝ ፖሊሲ እንጂ የደብዳቤው አይደለም’ የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ከቱርክ ጋር ወዳጅነቱን ለመጠበቅ የቆረጠ መንግሥት ልቡ በአማረ ቃል አይዞርም። ይህ እውነት ግን ደብዳቤን ከአቅሙ በላይ እንዳናሸክመው ያስተምረናል። ደብዳቤ በር ያንኳኳል እንጂ የቤቱን ባለቤት ሐሳብ አያስለውጥም።

ሁለተኛው ምክንያት የመጣው ከሳንሱር ጋር ነው። ታደሰ ሊበን በ1949 ዓ.ም. ‘መስከረም’ የተባለውን የአጭር ልቦለድ መድበል ሲያሳትሙም ሆነ በኋላ የደርግ ዘመን ጸሐፊዎች ሥራቸውን ሲያቀርቡ፣ ረቂቅ ከመታተሙ በፊት በመንግሥት መርማሪ እጅ ማለፍ ነበረበት። እዚህ ላይ የሚሸኘው ሥራ አለ፤ ከደብዳቤው ሥር ተያይዟል። መርማሪው የሚጠይቀው ግን ‘ታሪኩ ያምራል ወይ?’ ብሎ ሳይሆን ‘ይህ ሰው ማን ነው? ምን ማለቱ ነው?’ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ፊት የሚቀርብ ደብዳቤ ማመልከቻ ቢሆን፣ ትሕትናና ማረጋገጫ ቢያበዛ አይፈረድበትም። ቅድመ ምርመራ በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀረ፤ የማመልከቻው አጻጻፍ ግን ምክንያቱ ከሞተ በኋላ በሕይወት ቆየ።

ታዲያ ዛሬ ከደባርቅ ወይም ከዳባት ሆኖ ሥራውን ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ወጣት፣ የሚያውቀው ሰው ስለሌለው ራሱን በደንብ ማስተዋወቅ የለበትምን? ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ነው፤ የመሐል አገር ጸሐፊ ስሙ ቀድሞት ሲገባ የስሜኑ ልጅ በባዶ ይቆማልና። ሆኖም ይህ ወጣት ከቴዎድሮስ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፦ ማስረጃው እዚያው ፖስታ ውስጥ ነው። አዘጋጁ ገጹን ገልጦ ችሎታውን ማየት ይችላል። የሥራው ርእስ፣ የገጹ ብዛት፣ ከዚህ በፊት ታትሞ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ አድራሻ፣ ከዚያም ስለ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ታሪኩ የደረስጌን ኑሮ የሚተርክ ከሆነና ጸሐፊው እዚያ ካደገ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ይህን ይናገር፤ ለሥራው ይጠቅማልና። ሰላምታም አይቅር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በአጭሩ ሰላም ብለዋል። የሚቀረው ተማጽኖው ነው። ተማጽኖ ፈቃድ ለሚሰጥና ለሚነሳ ባለሥልጣን የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ አዘጋጅ ደግሞ አንባቢ ነው፤ ለአንባቢ የሚቀርብለት ታሪኩ ነው።