በአንድ ቋንቋ፣ በተለያየ ወንበር፦ የነገደ ወይጦ ልጆችና የትምህርት ውጤት

ከጣራ ገዳም ቁልቁል የሚታየው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ነው፤ ወረታም የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። በጣና ዳርቻ ግን ከሩዙ በፊት የነበረ ኑሮ አለ። ነገደ ወይጦ የሚባሉት የሐይቁ ዳር ሰዎች ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ አባቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ ነበር።

የመገለላቸው ጣጣ የመጣው ከዚሁ ከጉማሬው ነው። ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም፣ ሥጋውን በመብላታቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ማዕድ ሳይጋራቸው ኖሯል፤ ጋብቻማ የማይታሰብ ነበር። የቆዳ ቀለም እዚህ ምንም አይለይም። የሚለየው ትውልድ ነው፤ እሱን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጆቹም ይዘውት ክፍል ይገባሉ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በመፍቀዱ በአማራ ክልል አውንጊና ኽምጣና የትምህርት ቋንቋ ለመሆን በቅተዋል። ትልቅ እርምጃ ነበር። ለነገደ ወይጦ ልጅ ግን ብዙም የፈየደው የለም፦ የጥንት ቋንቋቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። መምህሩ የሚለውን ይሰማል፤ የሚያርቀው ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ይህ ርቀት ውጤት ላይ ምን ያደርጋል? ተመራማሪዎቹ ካርላ ሆፍና ፕሪያንካ ፓንዴ በሰሜን ሕንድ መንደሮች ያደረጉት ሙከራ መልስ ይሰጣል። ከዝቅተኛና ከከፍተኛ ካስት፣ ማለትም በትውልድ ከሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ፣ የመጡ ወንዶች ልጆች መውጫው የሚፈለግለት የወረቀት እንቆቅልሽ ተሰጣቸው፤ ለፈቱት ልክ ገንዘብ ይከፈላቸዋል። የማን ልጅ መሆናቸው ሳይነሳ ሁለቱም እኩል ሠሩ። ካስታቸው በጓደኞቻቸው ፊት ሲጠራ ግን የዝቅተኞቹ ውጤት ወረደ። ችሎታቸው በደቂቃዎች ውስጥ አልጠፋም፤ የተለወጠው የሚታዩበት ዓይን ነው።

ጣና ዳር የማንንም ትውልድ የሚጠራ አያስፈልግም፣ ሁሉም ይተዋወቃል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቶ የነበረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጎበዙ ደካማውን እንዲያስጠና የታሰበ ነው። ሐሳቡ መልካም፤ ግን አብሮ መብላት ነውር በሆነበት ሰፈር አብሮ ማጥናት በትእዛዝ ይመጣል ማለት የዋህነት ነው። ምሳ ለብቻው የሚበላ ልጅ ያልገባውን ሒሳብ ማንን ይጠይቃል?

ጉዳቱን በቁጥር ማሳየት ይከብዳል። የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ ስታቲስቲክስ ተማሪዎችን በጾታ፣ በክልልና በልዩ ፍላጎት ይለያል፤ በትውልድ ምክንያት የተገለለውን ግን ለይቶ አያሳይም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ በወደቀበት ዓመት ማን ቀድሞ እንደተገፋ የሚጠይቅ አይገኝም። የየትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን አንደኛ ክፍል የገባውንና ስምንተኛ የደረሰውን በስሙ ይዟል፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራውን ከዚያ መጀመር ይችላል።