በተጠየቀ ጊዜ የሚሣል ሥዕል፤ የዌብ ሥዕል ፕሮግራሞች አሠራርና አተካከል ታሪክ ከ1993 እስከ 2015

በዌብ ገጽ ላይ የሚታይ ሥዕል ከሁለት መንገዶች በአንዱ ይገኛል። አንደኛው አስቀድሞ ተሥሎ በሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠና ሲጠየቅ እንዳለ የሚላክ ነው። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ ያልነበረ፣ ጠያቂው ጥያቄውን ባቀረበበት ጊዜ በፕሮግራም ተሥሎ የሚላክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛውን ዐይነት ታሪክ፣ ይልቁንም በኮምፓይለር ወደ መኪናው ቋንቋ የተለወጡ ፕሮግራሞች እንዴት እንደተሠሩና በሥራ ላይ እንደዋሉ በአጭሩ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለዚህ ጕዳይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አስተያየት፣ ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም የተመረጠው ፈጣን ስለሆነ ነው የሚል ነው። አስተያየቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ታሪኩን በሙሉ አይገልጸውም። ከዚህ በታች እንደምንመለከተው፣ የእነዚህን ፕሮግራሞች ዕድል ከፍጥነታቸው ይልቅ የወሰኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ይኸውም፣ ፕሮግራሙ ከተሠራበት መኪና ወደ ሌላው ለመሻገር ይችላል ወይ? ሠሪውስ ለሌላ ሰው ለመስጠት መብት አለው ወይ? የሚሉት ናቸው።

የነገሩ መነሻ

ዌብ በተፈጠረ ጊዜ በዋናው ጽሑፍ ነበረ። በፌብሩዋሪ 1993 ማርክ አንድሪሰን በገጹ ጽሑፍ መካከል ሥዕል የሚገባበትን ምልክት ሐሳብ አቀረበ፤ እርሱና ጓደኞቹ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የሱፐርኮምፒዩተር ማእከል የሠሩት ሞዛይክ የተባለው ብራውዘርም ይህንኑ በሥራ ላይ አዋለው። ሥዕል በገጽ ላይ መታየት ከቻለ ዘንድ፣ ያ ሥዕል የግድ በፋይል የተቀመጠ መሆን አለበት ወይ? የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተከተለ።

ለጥያቄው ቀድሞ መልስ ከሰጡት አንዱ ስቲቭ ፑትዝ ነው። እርሱ በካሊፎርንያ በሚገኘው የዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማእከል በጁን 1993 የዓለምን ካርታ የሚያሳይ አገልግሎት አቆመ። አንባቢው በካርታው ላይ አንድ ስፍራ ሲነካ፣ ያ ስፍራ ጐልቶ የሚታይበት አዲስ ካርታ ይሣልለት ነበር። ሥራው በክፍል የተከፈለ ነው፤ በፐርል ቋንቋ የተጻፈው ክፍል ጥያቄውን ይቀበላል፤ ሌላው ፕሮግራም ከመሬት አቀማመጥ ቍጥሮች ካርታውን ይሥላል፤ ሦስተኛው የተሣለውን ወደ ጂፍ ሥዕል ይለውጣል። ሊጠየቁ የሚችሉትን ካርታዎች ሁሉ አስቀድሞ ሥሎ ማስቀመጥ ከቶ የማይቻል ስለሆነ፣ በተጠየቀ ጊዜ መሣል ጌጥ ሳይሆን ግዴታ ነበረ።

በዚያው ዓመት ኮመን ጌትዌይ ኢንተርፌስ ወይም ሲ.ጂ.አይ. የተባለው ስምምነት ተደረገ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰርቨሩ ጥያቄ በመጣ ቍጥር ፕሮግራሙን ያስነሣል፤ የጥያቄውንም ቃል ያቀብለዋል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የሚልከው ምን ዐይነት ነገር እንደሆነ በአንድ መስመር ያስታውቃል፤ ቀጥሎ ባዶ መስመር ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሥዕሉን ባይቶች ያወጣል። ስምምነቱ ፕሮግራሙ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይጠይቅም። ሆኖም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ መነሣት ስላለበት፣ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ኮምፓይል የተደረገው አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ቶሎ ሥራውን ይጀምር ነበር።

የሥዕል መሣሪያና የአተካከሉ ችግር

በ1994 ቶማስ ቡቴል ጂ.ዲ. የተባለውን የሲ ላይብረሪ አወጣ። ሥራው የተከናወነው በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ወጪውን የቻለው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ነበር። ጂ.ዲ. መስመር፣ ክብና ፊደል እየሣለ ውጤቱን በጂፍ መልክ ያወጣል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ስለ ሥዕል ፋይል ውስጣዊ አሠራር ሳይጨነቅ ሥዕል የሚልክ ፕሮግራም ለመጻፍ ቻለ።

ፕሮግራሙን መትከል ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት መኪናዎች የተለያየ ዐይነት ነበሩ፤ የሰን፣ የዲጂታል፣ የሲሊኮን ግራፊክስና የኢንቴል መኪናዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የትእዛዝ ቋንቋ ነበራቸው። ለአንዱ ኮምፓይል የተደረገው ለሌላው ምንም አይጠቅምም። ስለዚህ በየስፍራው ያለው ሰው ምንጩን ተቀብሎ በገዛ መኪናው ላይ ኮምፓይል ማድረግ ነበረበት። የኢሊኖዩ ማእከል ሰርቨር ሲታደል አንዱ ክፍሉ የሲ ምንጮች የተቀመጡበት ነበር፤ ተቀባዩ እነርሱን ኮምፓይል አድርጎ ፕሮግራሞች ወደሚነሡበት ክፍል ያዛውራቸዋል። ላይብረሪው ከጐደለ ወይም እትሙ ከተለያየ ሥራው እዚያው ይቆማል።

የፍጥነትን ጥያቄ በሚመለከት የኤም.አር.ቲ.ጂ. ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ይህን ፕሮግራም ቶቢያስ ኦይቲከር በእንግሊዝ አገር በዲ ሞንትፎርት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ጀመረው፤ ምክንያቱም ተቋሙ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚያሳልፍ አንድ መስመር ብቻ ስለነበረው፣ መስመሩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ሁሉም ለማየት ይፈልግ ነበር። በ1995 የወጣው የመጀመሪያው እትም በሙሉ በፐርል የተጻፈና ዘገምተኛ ነበረ። በ1996 መጀመሪያ ዴቭ ራንድ ጊዜ የሚፈጀውን ክፍል ብቻ በሲ እንደገና ጻፈው፤ ኦይቲከር እንደመሰከረው ፍጥነቱ 40 እጥፍ ጨመረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ፍጥነት የተገኘው ሁሉን በመለወጥ ሳይሆን የሚከብደውን ክፍል ለይቶ በማወቅ ነው። ደግሞም ኤም.አር.ቲ.ጂ. ሥዕሉን የሚሥለው ተመልካች ኖረም አልኖረም በየ5 ደቂቃው ነበር። በ1999 እዚያው ኦይቲከር ባወጣው አር.አር.ዲ.ቱል ግን ሥዕሉን በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ለመሣል፣ የቀድሞው ካላረጀም እንደገና ላለመሣል ተቻለ። ከማፍጠን ይልቅ የማያስፈልገውን ሥራ መተው ትልቅ ቍጠባ ነው።

የመብት ጥያቄ

በዲሴምበር 1994 መጨረሻ ያልታሰበ ነገር መጣ። ጂፍ ሥዕልን የሚያጠብበት ዘዴ፣ ኤል.ዜድ.ደብልዩ. የሚባለው፣ የዩኒሲስ ኩባንያ ፓተንት ነበረና፣ ጂፍ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሠሪዎች የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍሉ ማስታወቂያ ወጣ። ምንጩን በነጻ ለሚያድል ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ስንት ሰው እንደሚወስድበት አያውቅም፤ ከተቀባዮቹም ገንዘብ አይሰበስብም።

የተሰጠው መልስ ሌላ የሥዕል ዐይነት መፍጠር ሆነ። በጃንዋሪ 1995 ያው ቶማስ ቡቴል የመጀመሪያውን ረቂቅ አቀረበ፤ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎችም እየተጻጻፉ አሻሻሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ፒ.ኤን.ጂ. የተባለው ይህ ዐይነት በኦክቶበር 1996 የዓለም አቀፉን የዌብ ማኅበር ድጋፍ አገኘ። በ1999 ጂ.ዲ. ጂፍን ጨርሶ ትቶ ወደ ፒ.ኤን.ጂ. ዞረ። የአሜሪካው ፓተንት በጁን 2003፣ የሌሎቹም አገሮች በ2004 ዘመናቸው አለቀ፤ በ2004 ጂፍ ወደ ጂ.ዲ. ተመለሰ። በእነዚህ ዓመታት የጂ.ዲ. የሲ ምንጭ ጂፍን ለማውጣት ፍጥነትም ሆነ ብቃት አላነሰውም ነበር፤ የጐደለው መብት ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ፊደል ሩቅ አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊው የተጠቀመበት ፎንት በአንባቢው መኪና ላይ ከሌለ፣ አማርኛው ትርጕም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። በሥዕል መልክ የተላከ ጽሑፍ ግን ፎንት ሳይጠይቅ በየትም ይነበባል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሥዕል የሆነ ቃል አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ ለዓይነ ስውር የሚያነብ መሣሪያም አያውቀውም።

አንድ ፋይል

የመሻገር ጥያቄ የተሻለ መልስ ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ የጎ ቋንቋ ነው። ሮበርት ግሪስመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን በጉግል ኩባንያ በ2007 ጀምረውት፣ በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ ቀረበ፤ 1.0 እትሙም በማርች 2012 ወጣ። የዌብ ሰርቨርና የሥዕል ላይብረሪዎች ከቋንቋው ጋር አብረው ይታደላሉ። ኮምፓይለሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ፋይል ሊያጠቃልለው ይችላል፤ በአንድ መኪና ላይ ተቀምጦም ለሌላ ዐይነት መኪና ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ብዙ ጥያቄ ስለሚያስተናግድ፣ የሲ.ጂ.አይ. የመነሻ ወጪ ቀርቷል። በ2015 ዶኖቫንና ከርኒሃን ስለዚህ ቋንቋ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል እየሣለ በዌብ የሚልክ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ ለጀማሪዎች ተሰጥቷል።

ነገር ግን አንድ አደጋ ከ1993 እስካሁን አልተለወጠም። የሥዕሉን መጠን የሚወስነው ጠያቂው ከሆነ፣ ወጪውንም የሚወስነው እርሱ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ብንቈጥር፣ ወርዱና ቁመቱ 1,000 ነጥብ የሆነ ሥዕል 4 ሚሊዮን ባይት ይፈጃል፤ 100,000 በ100,000 የሆነው ግን 40 ቢሊዮን ባይት ይጠይቃል። ይህን ለመጠየቅ አንድ አጭር መስመር ይበቃል። ኮምፓይለር ከዚህ አያድንም፤ ወሰኑን ማበጀት ያለበት ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የሚከተለው ፍሬ ነገር ይገኛል። ኮምፓይል ማድረግ ለሥዕል ሥራ ፍጥነት ሰጥቷል፤ የዴቭ ራንድ ሥራ ይህን ያስረዳል። ነገር ግን ፕሮግራሙ ብዙ ሰው ዘንድ እንዲደርስ ያደረገው ምንጩ መታደሉ ነበር፤ መታደሉን ያሰናከለው ፓተንት ነበር፤ በየመኪናው እንደገና የመሥራትን ድካም ያቃለለው አንድ ፋይል ሆኖ መሻገሩ ነው። ስለዚህ የቴክኒክን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ፣ መኪናው ምን ያህል ይፈጥናል ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ሥራውን ማን ተቀበለው? ማንስ እንዳይቀበለው ተከለከለ? ብሎ ደግሞ መጠየቅ ይገባዋል።