ውሻ ያለው ይውጣ

እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደን ቸነፈር ሲገባባት፣ ከንቲባዋ ካወጣቸው ትእዛዞች አንዱ ውሾች እንዲገደሉ የሚል ነበር። በሽታውን በፀጉራቸው ከቤት ቤት ያዞራሉ ተብሎ ስለታመነ፣ ለዚሁ ሥራ ውሻ ገዳዮች ተቀጠሩ። ደራሲው ዳንኤል ዴፎ በ1722 ባሳተመው መጽሐፍ 40,000 ውሾችና የዚያ አምስት እጥፍ ድመቶች እንደተገደሉ ይወራ እንደነበር ጽፏል። ማን እንደቆጠራቸው እንጃ፤ ዴፎ ራሱ ያኔ ሕፃን ነበር። በሽታውን ያመላልስ የነበረው የአይጥ ቁንጫ ነውና፣ አዳኞቹን ፈጅተው አይጧን ማሩ ማለት ነው።

በ2020 ኮሮና ሲገባ፣ እዚያው ለንደን ተቀምጬ ነገሩ ሲገለበጥ አየሁ። ማርች 23 ማታ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲከተት ተናገረ፤ ለእንቅስቃሴ መውጣት የሚቻለው በቀን አንዴ ሆነ። ውሻ ያለው ሰው ግን ለደጁ ሰበብ አላጣም። ፈረንሳይ ከቤት የሚወጣ ሁሉ የሚሞላው ቅጽ ስታዘጋጅ፣ ከተፈቀዱት ምክንያቶች አንዱ የቤት እንስሳ ጉዳይ ነበር። በጣልያኗ ሎምባርዲ ውስጥ ውሻ ይዞ ከቤት ከ200 ሜትር በላይ መራቅ ተከለከለ። ከሁሉ የምትደንቀኝ ስፔን ናት። ልጆች እስከ ኤፕሪል 26፣ ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ደጅ መጫወት ተከልክለው ሲቀመጡ ውሻ በየቀኑ ይወጣ ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ልጅ አልነበራቸውም እንዴ? ፓሌንሲያ ከተማ ደግሞ አንዱ ሰውዬ የአሻንጉሊት ውሻ በገመድ ሲጎትት ፖሊስ እጅ ወደቀ።

እኔ ውሻ የለኝም። ከታችኛው ፎቅ ያሉት አሮጊት ጎረቤቴ ግን ሮዚ የምትባል ስፓኒየል ውሻ አለቻቸው፤ በሕመማቸው ምክንያት ከቤት እንዳይወጡ ደብዳቤ ሲደርሳቸው እሷን ማንሸራሸር እኔ ላይ ወደቀ። ገመዷን በበሩ እጀታ ላይ ያስሩና ወደ ውስጥ ያፈገፍጋሉ፤ እኔም ገመዱን በአልኮል ጠርጌ እይዛለሁ። ስንመለስ በመስኮት ሆነው ወጓን ይጠይቁኛል፤ ማንን አገኘች፣ ሣሩ ላይ ተንከባለለች ወይ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት አዲስ አበባ ሆና ሳቀችብኝ፤ «አንቺ ልጅ፣ ፈረንጅ አገር የሄድሽው የውሻ እረኛ ልትሆኚ ነው?» የእሷ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ግቢው ውስጥ ይለቀቃል፤ አለቀ።

መውጣቱ ለሰው በጀ እንጂ ለውሻ ሁልጊዜ አልተመቸውም። የሁለት ሜትሩ ርቀት እንዲጠበቅ ውሻ ከገመድ አይፈታ ተባለ። ሮዚ ድሮ ሜዳ ላይ ተለቃ ያገኘችውን ውሻ ሁሉ ከኋላው አሽትታ ነበር የምትተዋወቀው። አሁን ሌላ ውሻ ብቅ ሲል እኔ ገመዱን አሳጥሬ መንገድ እሻገራለሁ። ሲጨንቀን ውሻ በገመዱ ያውቃል መሰለኝ፤ ሮዚ ጥቂት ቆይታ የቀድሞ ወዳጆቿን ከሩቅ እያየች ትጮህ ጀመር።

በወረርሽኙ ጊዜ የተገዙት ቡችሎች ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወሩ ገደማ ያልለመደውን ነገር ሲያድግ ይፈራዋል፤ እነዚያ ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው እንግዳ ሳይመጣ፣ አውቶቡስ ሳያዩ ቤት ውስጥ አደጉ። ጥቂት አልነበሩም። የብሪታኒያ የቤት እንስሳት ምግብ አምራቾች ማኅበር በ2021 ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የቤት እንስሳ ያስገባው 3.2 ሚሊዮን ቤተሰብ ነው። ዶግስ ትረስት የተባለው የውሾች በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1978 ጀምሮ ውሻ የገና ስጦታ ብቻ አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው እያለ ሲያስተምር ኖሮ፣ በገና ቦታ ሎክዳውንን፣ ያንን የቤት መከተት ጊዜ፣ አስገባበት።

ከዚያ ቢሮ ተከፈተ። አንድም ቀን ብቻውን ውሎ የማያውቅ ውሻ ጠዋት በሩ ሲዘጋበት ዓለም ያበቃ ይመስለዋል። ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ወጣት የገዛው ቡችላ ጌታው ከወጣበት እስኪገባ ያላዝናል፤ በሩን ቧጥጦ ቧጥጦ ቀለሙን ልጦ እንጨቱ ላይ ደረሰ። ወጣቱ ቤቱን ሲለቅ አከራዩ የበሩን ዋጋ ካስያዘው ገንዘብ ላይ ቆርጦበታል።