የአደን ሸክምና የተሸካሚው ጫንቃ

የአደን ታሪክ ሲነገር ቅድሚያ የሚሰጠው ለጦሩ ወይም ለጠመንጃው፣ ለአውሬው ግዝፈትና ለገዳዩ ጀግንነት ነው። ፉከራውም ሆነ ሥዕሉ የሚያተኩረው አውሬው በወደቀባት ቅጽበት ላይ ነው። ይሁን እንጂ አዳኝ ከአውሬው ጋር ከመገናኘቱ ብዙ ቀን አስቀድሞ ከሌላ ባላጋራ ጋር ይገጥማል፤ ይኸውም ክብደት ነው። ወደ ዱር ሲገባ ስንቁንና መሣሪያውን፣ ሲመለስ ደግሞ ሥጋውን፣ ቆዳውንና ጥርሱን የሚሸከመው ማን ነው? የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጠው መልስ ስለ አደን ብቻ ሳይሆን ስለ ኅብረተሰቡ የሥራ ክፍፍልም ብዙ ይመሰክራል።

የመጀመሪያው መልስ ዕውቀት ነው። የኢትዮጵያ ሕዝብ ለአደንም ሆነ ለዘመቻ ሲወጣ የሚይዘው ስንቅ የዚህ ዕውቀት ፍሬ ነው። በሶ ከተቆላ ገብስ ስለሚዘጋጅ በመንገድ ላይ ከጥቂት ውሃ በስተቀር ድስትም ሆነ ማገዶ አይፈልግም፤ በመሆኑም የሚቀንሰው የእህሉን ክብደት ብቻ ሳይሆን የማብሰያውንም ጭምር ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሳይሻግቱ ብዙ ቀን ይቆያሉ። ጥሬ ሥጋ ከክብደቱ ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ውሃ በመሆኑ፣ ተዘልዝሎና ጨው ተነስንሶበት ቋንጣ ሲሆን ሸክሙ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ሩቅ ጉዞ ሲሄዱ የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሰውና አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደ ነበር ገልጿል። ይህ ሁሉ ሸክምን ወደ ሌላ ሰው ሳያስተላልፉ ከራሱ ከሸክሙ የመቀነስ ጥበብ ነው።

ሁለተኛው መልስ የማኅበራዊ አኗኗር ስልት ነው። በሰሜን ታንዛንያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት የሐድዛ አዳኞች ትልቅ አውሬ ሲጥሉ ሥጋውን ሁሉ ወደ ሰፈር ለማጓጓዝ ከመድከም ይልቅ፣ አንዳንድ ጊዜ ሰፈሩ ራሱ ወደ ሥጋው ይሄዳል። ሴቱም ሕፃኑም ሽማግሌውም በወደቀው አውሬ ዙሪያ ይሰፍራል፤ የሚበላው ይበላል፣ የቀረው ይደርቃል። እዚህ ላይ ተሸካሚውና ተመጋቢው አንድ ናቸው።

ሦስተኛው መልስ ክብደቱን ሳይቀንሱ ተሸካሚውን መለወጥ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ሥርዐት ከአውሮፓውያን ቅኝ አገዛዝ በፊት የተወጠነ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዝሆን ጥርስ ከመሐል አገር ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚጓዘው በሰው ትከሻ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የገንዲን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በሚበዛባቸው ስፍራዎች ፈረስ፣ በቅሎና አህያ በሕይወት መቆየት አልቻሉም። በዛሬይቱ ምዕራብ ታንዛንያ የሚኖሩት ኛምዌዚዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ በደመወዝ የሚሠሩ፣ በሙያቸው የሚኮሩ፣ በደል ሲበዛባቸውም ሸክሙን ጥለው የሚሄዱ ሠራተኞች ነበሩ። ቅኝ ገዢዎች ይህንኑ የቆየ ሙያ ወርሰው ለራሳቸው አስተዳደርና ለአደን ጉዟቸው አዋሉት። በብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ የአንድ ሰው ሸክም መለኪያ 60 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 27 ኪሎ ግራም ሆነ።

የዚህ ሥርዐት እንቆቅልሽ ተሸካሚውም የሚበላ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ፓውንድ ተኩል እህል ይሰፈርለታል ቢባል፣ 200 ተሸካሚዎች በቀን 300 ፓውንድ ይበላሉ፤ ይህም አምስት ሙሉ ሸክም ነው። በመንገድ ላይ እህል ካልተገኘ ለአንድ ወር ጉዞ 150 ሸክም ቀለብ ያስፈልጋል። ከ200ው ተሸካሚዎች 150ዎቹ የሚሸከሙት የተሸካሚዎችን ምግብ ሲሆን፣ ለአዳኙ ዕቃ የሚተርፉት 50 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ አዳኙ በጓዙ ላይ አንድ ሣጥን በጨመረ ቁጥር የሚጨመረው ሰው ከአንድ በላይ ይሆናል።

ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነው የቴዎዶር ሩዝቬልት ጉዞ ነው። ሩዝቬልት የአሜሪካን ፕሬዚዳንትነት በለቀቀ በሳምንታት ውስጥ፣ በሚያዝያ 1909 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ደረሰ፤ ጉዞውም በመጋቢት 1910 ካርቱም ላይ ተፈጸመ። ለስሚዝሶኒያን ተቋም የእንስሳት ናሙና መሰብሰብ አንዱ ዓላማው ስለ ነበር፣ ለቆዳ ማድረቂያ ብቻ አራት ቶን ጨው ተጭኖለታል። ወደ 200 የሚጠጉ ተሸካሚዎች ተከትለውታል። በዐሣማ ቆዳ የተደጎሱ መጻሕፍቱ የሚገኙበት የአሉሚኒየም ሣጥን ከ60 ፓውንድ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ ራሱ ሩዝቬልት እንደ ጻፈው የአንድ ተሸካሚ ሸክም ነበር። አንድ ሰው ለሌላው ሰው ንባብ ሲል አገር አቋርጧል። ጠመንጃውን እንኳ አውሬው እስኪታይ ድረስ የሚይዙለት ሌሎች ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ሩዝቬልትና ልጁ የገደሏቸው 512 እንስሳት በዝርዝር ተመዘገቡ። የተሸካሚዎቹ ዝርዝር ግን በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ የኅብረትን ኃይል ያስተምራል። ነገር ግን ሸክም ሲከፋፈል ጌጥ የሚሆነው ተሸካሚው የሎሚው ባለቤት ሲሆን ነው። በሐድዛ ሰፈር እያንዳንዱ የሚይዘው የራሱን ሎሚ ነው። በ1909ኙ ጉዞ ግን ሃምሳውም ሎሚ የአንድ ሰው ነበር፤ ብዛት ያለው ጫንቃ ክብደቱን አከፋፈለው እንጂ ጌጥ አላደረገውም።

የአደኑ ሥርዐት ጉዳት ሙሉ በሙሉ የታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 በምሥራቅ አፍሪካ በተደረገው ውጊያ፣ ብሪታንያ ከግዛቶቿ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ተሸካሚዎችን አሰለፈች፤ ብዙዎቹም በግዳጅ የተወሰዱ ነበሩ። መንገድ በሌለበትና የጋማ ከብት በገንዲ በሚያልቅበት ምድር ጥይቱም ቀለቡም በሰው ራስና ትከሻ ተጓዘ። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ተሸካሚው ለግንባር የሚያደርሰው እህል እያነሰ፣ የራሱም ቀለብ እየተጓደለ ሄደ። ከ90,000 በላይ የሚሆኑት አለቁ፤ የገደላቸውም በአመዛኙ ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ወባና ረኀብ ነው። በናይሮቢ ካሪያኮር፣ በዳሬሰላም ካሪያኮ የሚባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት «የተሸካሚዎች ጓድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። የሟቾቹ ስም ሳይመዘገብ የሰፈሩ ስም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በአብዛኛው በምሥራቅ አፍሪካና በግብፅ ያገለገሉ ቢያንስ 116,000 ሟቾች ስማቸው በመታሰቢያ ላይ አለመስፈሩን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

በናይሮቢ ከተማ በ1928 የተመረቀ የነሐስ ሐውልት አለ። ከሦስቱ ምስሎች አንዱ ተሸካሚው ነው። ሠዓሊና ቀራጺ ለጠመንጃ ያዡ ብዙ ሐውልት ባቆመበት ዘመን፣ ሸክም ያዡ ከወታደሩ ጎን እኩል መቆሙ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአደንን ታሪክ በቀለም የሚሥል፣ በክፍል የሚያስተምር ወይም በጽሑፍ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ከወደቀው አውሬና ከቆመው ገዳይ ባሻገር በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ሊፈልገው ይገባል። ሣጥኑ በራሱ እግር አልሄደም፤ በ60 ፓውንዱ ሥርም ስም ያለው ሰው ነበር።