የመቀሌ ምሽግ ከበባ (1888 ዓ.ም.)፦ የሕዝብ ስሜት

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ፣ መቀሌ ባለው በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የመሸገው የሻለቃ ጋሊያኖ የኢጣሊያ ጦር በኢትዮጵያ ሠራዊት ተከበበ። ምሽጉን ፊት ለፊት መውጋት ብዙ ሰው አስፈጀ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የምሽጉ የውሃ ምንጭ ሲያዝ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ውስጥ ያለው ወታደር ውሃ በልክ ይታደለው ጀመር።

ጥር 13 ቀን ጦሩ ምሽጉን ለቀቀ። አፄ ምኒልክ ከነመሣሪያው እንዲሄድ ፈቀዱለት። ጠላት ከእጅ ገብቶ መሸኘቱ በሰፈሩ ሁሉንም አላስደሰተም፤ ቅሬታው አይገርምም፣ ወገኑን በምሽጉ ሥር የቀበረ ብዙ ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የዋህ አልነበሩም፤ ተለቃቂዎቹን እያስሸኙ ሠራዊታቸውን ወደ አድዋ አቅጣጫ አንቀሳቀሱ።

በኢጣሊያ ጋሊያኖ እንደ ጀግና ተወደሰ፣ ማዕረጉም ከፍ አለ። የካቲት 23 ቀን በአድዋ ጦርነት ሞተ። የኢጣሊያ ጦር የአድዋ ሽንፈት ሲሰማ ሮምና ሚላኖ በተቃውሞ ታመሱ፤ «ምኒልክ ለዘላለም ይኑር!» ብለው የጮኹም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ።