ከበር የተመለሰው ልጅ ጥፋቱ ምንድን ነው?

ዩኒፎርም ይኑር አይኑር የሚለው ክርክር በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ስንት ጊዜ ተካሄደ! አንዱ ወገን «ሀብታምና ድሃ እኩል ይሆናሉ» ይላል፣ ሌላው «ነጻነታችን ተነካ» ይላል፣ ከዚያ ደወል ይደወልና ሁሉም ወደ ክፍሉ ይገባል። እኛ ዩኒፎርሙን አንጠላውም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሹራቡ ቀለሙ የተለየ፣ ወይም ሱሪው ከዩኒፎርሙ ውጭ የሆነ ልጅ በዘበኛው ከበር ሲመለስ የተቀጣው ማን ነው? ጥፋቱስ የማን ነው?

የተማሪ ልብስ ወደ አገራችን የገባው በኮትና በክራባት አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ከማንኛውም ዩኒፎርም ይቀድማል። ደበሎ የበግ ቆዳ ነው፤ የሀብታምም የድሃም ልጅ ይለብሰዋል፣ የለበሰው ልጅ ተማሪ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፣ በየደጁ ቁራሽ ሲለምንም ልብሱ ይመሰክርለታል። በፈረንጅ አገርም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1552 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ክራይስትስ ሆስፒታል የተባለው ትምህርት ቤት ለድሃ ልጆች ረጅም ሰማያዊ ካፖርት ያለብስ ነበር። ያለብስ ነበር ነው ያልነው፤ «ገዝተህ ና» አላለም። (የድሮውን እያሞገስን ነው እንዳትሉን። የቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ ነበረው፤ ለሚኮበልል ልጅም እግር ብረት ነበረው።)

ወደ ወለጋ እንምጣ። በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡት አናሲሞስ ነሲብ፣ እንደሳቸው ከባርነት ከወጡት ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ። በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ሲገቡ የአካባቢው ገዢ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ተቀበሏቸው። ልጆችን በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ በካህናት ተከሰው አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ክሱ ስለማንም ልጅ አለባበስ አልነበረም። ጉዳዩ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው መጽሐፍ ያስተምራሉ የሚል ነበር። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱላቸውም እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። እሳቸውም ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

በትምህርት ቤት በር ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለ፦ ልጁ ለመግባት ምን መስሎ መምጣት አለበት? በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አማርኛ በመላው ኢትዮጵያ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሲያዝ፣ ለወለጋ ልጅ መልሱ «አማርኛ ተናጋሪ መስለህ ና» ሆነ (ይህን በአማርኛ እየጻፍን መሆናችን አልጠፋንም)። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እንደጻፉት በእነሱ አገር ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ተማሪ ይገረፍ ወይም የብረት ሰሌዳ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ልጁ የሚቀጣው ከቤቱ ይዞት በመጣው ነገር ነው። እኛ ዘንድ ይህ በር በ1984 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ኦሮምኛ በቁቤ ተጽፎ ወደ ወለጋ ክፍሎች ገባ።

አርጩሜም በሕግ ታሪክ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2039 አባት ልጁን፣ አስተማሪ ተማሪውን «በአግባቡ» ቢመታ ጥፋት አይደለም ይላል። «በአግባቡ» ስንት አለንጋ እንደሆነ ግን አይናገርም! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት ሰጣቸው። ሆኖም በየሰልፉ ጠጠር ላይ መንበርከክን፣ ዩኒት ሊደሩ ኪስ ውስጥ የምትገኘውን መቀስና በልጅ ጸጉር ላይ የምታወጣውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ቋንቋው ተፈቅዷል፣ ዱላው ቢያንስ በወረቀት ተከልክሏል። የቀረው ልብስ ነው። እዚህ ላይ ወለጋን የሚመለከት አንድ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። ትምህርት የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ላለ ገበሬ ገንዘብ የሚያመጣው ቡና ደግሞ በደንብ የሚለቀመው ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ነው። መስከረም ማለት ክረምቱ ጎተራውን ያራገፈበት፣ በቆሎው እሸት ሆኖ የሚበላበት፣ ኪስ የሚደርቅበት ወር ነው። ትምህርት ቤቱ ጨርቅ ግዙ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱ የሚለው ግን ልክ በዚያ ወር ነው። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ምን ያድርግ? ታላቅየውን ያለብሳል፣ ታናሹ የወንድሙን ያረጀ ይወርሳል፣ ሴቷ ትጠብቃለች። ስትጠብቅ ትምህርቱ ያልፋታል፣ ሲያልፋት ትወድቃለች፣ ስትወድቅ «ለትምህርት አልሆነችም» ትባላለች። ከበር የመለሷት ሰው ግን ያደረጉት ደንብ ማስከበር ብቻ ነው!

ግምታችን ብቻ አይደለም። ዱፍሎ፣ ዱፓስና ክሬመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በምዕራብ ኬንያ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ላሉ ልጆች ዩኒፎርም በነጻ አሰጡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ትምህርት ያቋረጡ ሴቶች ከመቶ 19 ወደ 16፣ ያረገዙት ደግሞ ከመቶ 16 ወደ 13 ወረዱ። ይህን ያደረገው ቀሚስና ሸሚዝ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነጻ አድሏል። ነቀምቴ የአዲስ አበባ በጀት የላትም፤ እሺ።

ግን የነቀምቴን ነገር ደግሞ እንይ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ በኩል የተፈናቀሉ በብዙ አስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ጎርፈው ነቀምቴ ድረስ ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ በቆየው ግጭት በወለጋ ገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተቃጥለዋል። እንዲህ ካለ ቦታ የመጣ ልጅ ብዙ ወራት ከትምህርት ርቆ በር ላይ ሲቆም የሚጠየቀው የሱሪው ቀለም ከሆነ፣ እኩልነት የሚለውን ቃል ማንሳቱን ለጊዜው ብንተወው ይሻላል።

ወላጅ መምህር ኅብረት የሚባል አካል በየትምህርት ቤቱ አለ። ልጁን ክፍል አስገብቶ ስሙን መመዝገብ፣ ለወላጁ እስከ ጥር ጊዜ መስጠት፣ የተመረቁ ተማሪዎችን አሮጌ ዩኒፎርም ሰብስቦ ለሌለው ማደል የሚኒስትር ፊርማ አይጠይቅም። ዘበኛውም ቢሆን በሩን ለመክፈት የሚበቃ ቁልፍ አለው።