ሆድ ዕቃ

ሆድ ዕቃ በሰውና በእንስሳት ሆድ ውስጥ ለሚገኙት ጨጓራ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት የተሰጠ የወል ስም ነው። የእርድ ከብት ሲገነጠል ግን ልብና ሳንባም አብረው ይቆጠራሉ።

ሐኪሞች በእንግሊዝኛ እነዚህን አካላት የሚጠሩበት ቪሴራ የላቲን ቃል ነው። የሥጋ ቤቱ ኦፋል ደግሞ ከመካከለኛው ዘመን ሆላንድኛ እንደመጣ ይታመናል፤ ፍቺውም ተቆርጦ የሚወድቅ ማለት ነው። የእኛ ስም በአንጻሩ ሆድን እንደ ማደሪያ፣ በውስጡ ያሉትን ደግሞ እንደ ንብረት ያያል።

የየአካላቱ ስሞች ከጥምር ስሙ እጅግ ይቀድማሉ። ልብ በዕብራይስጥ ሌቭ ነው። የግዕዙ ኵልያት፣ የአማርኛው ኩላሊትና የዐረብኛው ኩልያ የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በዐረብኛ ጉበት ከቢድ ይባላል፤ ዘመዱ የትግርኛው ከብዲ ግን ሆድን ያመለክታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ጥራዞች ያሳተሙት የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት፣ ከእነዚሁ ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን የቸሃን ቃላት ጭምር ከሌሎች ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ያነጻጽራል።

ቋንቋው በሚነገርበት በጉራጌው የቸሃ አገር፣ የሆድ ዕቃ ወግ ከመስቀል አይለይም። በዓሉ ሲቃረብ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚሠራው የጉራጌ ተወላጅ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ በሬም ይታረዳል። ከሥብና ከጅማት የጸዳው ቀይ ሥጋ ተከትፎ በቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፤ በቆጮ፣ በአይብና በጎመን ይቀርባል። የውስጥ አካላት ግን ቶሎ ስለሚበላሹ ቀድመው ይሰናዳሉ። በመላ አገሪቱ የታወቀው ዱለት የሚሠራውም ከመሰል አካላት ነው፦ በፈላ ውሃ ተነክሮ የተፋቀ የበግ ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ አብረው ደቀው ይከተፋሉ፤ ከዚያ ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። እንደ በላተኛው ፍላጎት ጥሬውን፣ ለብ ለብ ተደርጎ ወይም በስሎ ይበላል።

ሆድ ዕቃ የስሜትም መኖሪያ ነው። የሚያሳዝን ነገር አንጀት ይበላል፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ይባላል። የወደፊቱን ከእርድ የማንበብ ልማድም ጥንታዊ ነው። ባቢሎናውያን የበግ ጉበት ቅርጽ በሸክላ እየሠሩ ለንግርት ይጠቀሙበት ነበር፤ በእኛም አገር ሞራ ገላጮች የታረደውን ከብት ሞራ እያዩ መጪውን ይናገራሉ።

የእንስሳት ሐኪም የእርድ ምርመራ በእነዚሁ አካላት ላይ በእጅጉ ያተኩራል። ረግረግ አካባቢ የሚሰማራ ከብት፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈው የጉበት ትል ስለሚይዘው፣ ጉበቱ ተበላሽቶ ሊጣል ይችላል። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢትም የሌላ ጥገኛ ትል እጭ ነው። ይህን የበላ ውሻ ትሉን ያሳድጋል፤ ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጣው እንቁላልም ሰውን ይበክላል። ስለዚህ የታመመ ሆድ ዕቃ ለውሻ አይወረወርም፤ ይቃጠላል ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል።